የመስመር ጥምረት ለፍጥነት ወይስ ለጽናት? የወረዳ ከተሞች የውስጥ ኔትወርክ ከእንጭኒ አንጻር ሲታይ

መግቢያ

እንጭኒ በምዕራብ ሸዋ ዞን የአድአ በርጋ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከሆለታ ተነሥቶ ወደ ሙገር የሚያቀናው መንገድ በእርሷ በኩል ያልፋል። ከዙሪያዋ የገጠር ቀበሌዎች ለግብር፣ ለመሬት ይዞታ፣ ለልደት ምዝገባ፣ ለሕክምና ወይም ለባንክ ጉዳይ የሚመጣ ሰው ከቤቱ የሚወጣው በማለዳ ነው፤ ብዙ ጊዜም ጉዳዩን ከገበያ ቀን ጋር ያገጣጥማል። ከአገልግሎት መስኮቱ ደርሶ የሚሰማው ቃል «ሲስተም የለም» የሚል ከሆነ የሚከስረው ጥቂት ደቂቃ ብቻ አይደለም። ሙሉ የሥራ ቀን፣ የመጓጓዣ ገንዘብ፣ አንዳንዴም የቀነ ገደብ ያልፍበታል።

ይህ ቃል በኢትዮጵያ ከተሞች ሁሉ እጅግ ከመለመዱ የተነሣ ትርጉሙን የሚጠይቅ የለም። ሆኖም «ሲስተም የለም» የሚለው ሐረግ ቢያንስ አራት የተለያዩ ብልሽቶችን በአንድ ከረጢት ይጠቀልላል። የኤሌክትሪክ ኃይል ተቋርጦ ሊሆን ይችላል፤ ከተማውን ከውጭ ጋር የሚያገናኘው የቴሌኮም መስመር ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፤ በማዕከል የሚገኘው ሰርቨር ቆሞ ሊሆን ይችላል፤ አለዚያም በዚያው ግቢ ውስጥ ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው የሚሄደው አንድ ገመድ፣ ወይም ገመዱ የተሰካበት አንድ ፖርት ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ከወረዳ ጽሕፈት ቤት አቅም ውጭ ናቸው። የመጀመሪያው በከፊል በእጁ ነው። አራተኛው ግን ሙሉ በሙሉ የራሱ ኃላፊነት ነው፤ መፍትሔውም ርካሽና ከሃያ ዓመታት በላይ የተፈተነ ነው።

ያ መፍትሔ በሙያው ሊንክ አግሪጌሽን የሚባለው፣ በሁለት ስዊቾች መካከል ያሉ በርካታ ገመዶችን እንደ አንድ መስመር የማሠራት ስልት ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አጭር ነው። በወረዳ ከተሞች የመስመር ጥምረት ሊተከል ይገባዋል፤ የሚተከለው ግን በተለምዶ እንደሚነገረው ለፍጥነት ሳይሆን ለጽናት መሆን አለበት። ሁለቱ ዓላማዎች ጎን ለጎን የሚሄዱ ቢመስሉም በተግባር አንዱ ሌላውን ይበላል።

ሁለተኛው ገመድ ለምን ብቻውን አይበቃም

አንድ መስመር እንዳይበጠስ የሚሰጋ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ሁለተኛ ገመድ መጨመርን ነው። በኢተርኔት ዓለም ግን ይህ ቀላል የሚመስል እርምጃ ኔትወርኩን በሙሉ ሊያወድም ይችላል። በሁለት ስዊቾች መካከል ያለ ጥንቃቄ ሁለት ገመድ ሲዘረጋ ክብ መንገድ ይፈጠራል። ለሁሉም የተላከ አንድ ፍሬም በአንዱ ገመድ ሄዶ በሌላው ይመለሳል፤ የኢተርኔት ፍሬም በጉዞ ላይ የሚያረጅበት ቆጣሪ ስለሌለው ዙረቱ ማብቂያ የለውም። በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ የመስመሩ አቅም በሙሉ በሚሽከረከሩ ቅጂዎች ይያዛል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ከማንም ጋር መገናኘት አይችልም።

ይህን ችግር የፈታችው ራዲያ ፐርልማን ናት። እ.ኤ.አ. በ1985 በዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን ስትሠራ ስፓኒንግ ትሪ የተባለውን ፕሮቶኮል ነደፈች፤ በ1990ም 802.1ዲ በሚል መለያ ዓለም አቀፍ ደረጃ ወጣለት። ዘዴው ትርፍ መንገዶችን ፈልጎ ማገድ ነው። ሁለት ገመድ ካለ አንዱ ይሠራል፤ ሌላው ተዘግቶ ተራውን ይጠብቃል። ክቡ ጠፋ፤ ነገር ግን ገንዘብ የወጣበት ሁለተኛው ገመድ ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ።

የመስመር ጥምረት የተወለደው ከዚህ ቅሬታ ነው። የመጀመሪያውን የኢተርኔት ስዊች ለገበያ ያቀረበው ካልፓና የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኢተርቻነል የሚባለውን ስልት ፈጠረ፤ ኩባንያውን በ1994 ሲስኮ ገዛው። በዚህ ስልት ሁለቱም ገመዶች ይሠራሉ፤ ስፓኒንግ ትሪ ግን የሚያያቸው እንደ አንድ መስመር ስለሆነ የሚያግደው ነገር አይኖርም። ሌሎች አምራቾችም የየራሳቸውን ዓይነት ካወጡ በኋላ፣ የተለያዩ አምራቾች ስዊቾች እርስ በርስ እንዲግባቡ 802.3ኤዲ የተባለው ደረጃ በ2000 ጸደቀ። በ2008 ደግሞ 802.1ኤኤክስ ወደሚል መለያ ተዛወረ። የዚህ ደረጃ ልብ በሁለቱ ስዊቾች መካከል ያለማቋረጥ የሚካሄደው የኤልኤሲፒ መልእክት ልውውጥ ነው። እያንዳንዱ ስዊች በእያንዳንዱ ገመድ ላይ ማንነቱንና ገመዱ የየትኛው ቡድን አባል እንደሆነ ይናገራል፤ ከወዲያኛው ጫፍ የሚሰማው መልስ ከሚጠብቀው ጋር ሲስማማ ብቻ ገመዱን ወደ ቡድኑ ያስገባል።

የፍጥነት ተስፋና ወሰኑ

ጥምረቱ ለገዢ ሲቀርብ ብዙ ጊዜ የሚነገረው በመደመር ስሌት ነው፦ አንድ ጊጋቢት ሲደመር አንድ ጊጋቢት ሁለት ጊጋቢት ይሆናል። ስሌቱ ስሕተት ባይሆንም ለወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚሰጠው ትርጉም ግን አሳሳች ነው።

ምክንያቱ ከአሠራሩ ይመነጫል። ስዊቹ የአንድን ምልልስ ፍሬሞች በሁለት ገመድ ላይ እያፈራረቀ ቢልክ ኖሮ የኋለኛው ከፊተኛው ቀድሞ ሊደርስ፣ ቅደም ተከተሉም ሊዛባ ይችል ነበር። ይህ እንዳይሆን ስዊቹ ከላኪና ከተቀባይ አድራሻ አንድ ቁጥር አስልቶ፣ በቁጥሩ መሠረት ያንን ምልልስ ለአንድ ገመድ ብቻ ይመድበዋል። ስለዚህ አንድ ሠራተኛ ከሰርቨር የሚገለብጠው 10 ጊጋባይት ፋይል በአንድ ጊጋቢት መስመር ቢያንስ 80 ሰከንድ የሚወስድ ከሆነ፣ ገመዶቹ ሁለት፣ አራት ወይም ስምንት ቢሆኑም ያው 80 ሰከንድ ይወስዳል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ብሂል የጥምረቱን ጠባይ በትክክል ይገልጸዋል። ጥቅሙ ለብዙ ምልልሶች እንጂ ለአንዱ አይደለም፤ ሎሚው የሚከፋፈለው ተሸካሚው ሲበዛ ነው።

ለብዙዎችም ቢሆን ክፍፍሉ እኩል እንደሚሆን ዋስትና የለም። ስሌቱ ምልልሶችን ያለ አድልዎ ቢያከፋፍል እንኳ፣ ሁለት ምልልሶች በሁለት ገመድ ላይ ሲመደቡ ሁለቱም በአንዱ ገመድ ላይ የመውደቅ ዕድላቸው እኩሌታ ነው። ስምንት ምልልሶች በሙሉ በአንድ ገመድ ላይ የመታጨቅ ዕድላቸው ግን ከ128 አንድ ይሆናል። የተጠቃሚው ቁጥር ሲጨምር ክፍፍሉ ይስተካከላል፤ በአነስተኛ ጽሕፈት ቤት ግን ዕጣው ብዙ ሚና አለው። ከዚህ የከፋውም የስሌቱ መሠረት በትክክል ሳይመረጥ ሲቀር ነው። ስዊቹ ገመድ የሚመርጠው በማክ አድራሻ ብቻ ከሆነና በሁለቱ ስዊቾች መካከል የሚያልፈው ትራፊክ በሙሉ ከአንድ ራውተር ወደ አንድ ሰርቨር የሚሄድ ከሆነ፣ ለስዊቹ የሚታየው አንድ ላኪና አንድ ተቀባይ ብቻ ነው። ከጀርባ መቶ ሰዎች ቢኖሩም ሁሉም በአንድ ገመድ ይሄዳሉ፤ ሌላው ባዶውን ይውላል። በአይፒ አድራሻና በፖርት ቁጥር ጭምር እንዲያሰላ የሚያደርገው አንድ ቅንብር ይህን ይፈታል፤ ይሁንና መፈለጉን የሚያውቅ ባለሙያ ያስፈልገዋል።

ከሁሉ በላይ ግን፣ በወረዳ ከተማ ተገልጋዩን የሚያዘገየው መስመር ብዙ ጊዜ በስዊቾች መካከል ያለው አይደለም። ከከተማው ወደ ውጭ የሚወጣው መስመር በሰከንድ 20 ሜጋቢት ቢሆን፣ በግቢው ውስጥ ያለው አንድ ጊጋቢት ገመድ ከዚያ 50 እጥፍ ይሰፋል። ውስጡን ወደ ሁለት ጊጋቢት ማሳደግ የውጩን አንድ ቢት አያሰፋውም። በፍጥነት ስም ጥምረት የተከለ ጽሕፈት ቤት ከተከላው በኋላ ድረ ገጹ እንደ ወትሮው ሲንቀረፈፍ ያያል፤ ስልቱም ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል።

ፍጥነትን የተጠቀመ ጽናትን ይከፍላል

እዚህ ላይ የጉዳዩ ዋና ነጥብ ይመጣል። ጥምረቱ የሚሰጠው ሁለተኛው ተስፋ፣ አንድ ገመድ ሲበጠስ ሥራው በቀሪው እንዲቀጥል ማድረግ ነው። ይህ ተስፋ የሚፈጸመው ግን ቀሪው ገመድ የሁለቱን ሸክም ብቻውን መሸከም ከቻለ ብቻ ነው። ሁለት ገመዶች እያንዳንዳቸው 80 በመቶ ተጭነው ሲሠሩ ቆይተው አንዱ ቢበጠስ፣ የአቅሙን 160 በመቶ የሚሆን ጭነት በአንዱ ላይ ይወድቃል። መስመሩ በስም አልተቋረጠም፤ በተግባር ግን ፍሬሞች ይጣላሉ፣ ገጾች ይቆማሉ፣ ከመስኮቱ የሚሰማው ቃልም ያው «ሲስተም የለም» ነው።

ስለዚህ በሁለት ገመድ ጥምረት ጽናትን የሚፈልግ ተቋም ጠቅላላ ጭነቱን ከአንዱ ገመድ አቅም በታች ማቆየት አለበት። ይህ ማለት የተገዛውን ተጨማሪ ፍጥነት ሆን ብሎ አለመጠቀም ማለት ነው። ሁለቱን ገመድ ሞልቶ የሚጠቀም ጽናቱን ለፍጥነት ሸጦታል። ለአንድ የመረጃ ማዕከል ይህ ሽያጭ አዋጪ ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ባለሙያው ሌሊትም ቢሆን በቅርብ አለ፣ ምትክ ዕቃም በመደርደሪያ ላይ ነው። በወረዳ ከተማ ግን ምትክ ዕቃና ባለሙያ ከሌላ ከተማ እስኪመጡ ድረስ ቀናት ሊያልፉ ይችላሉ። መልካሙ ነገር የወረዳ ጽሕፈት ቤት ትራፊክ ከአንድ ጊጋቢት እጅግ ያነሰ በመሆኑ የጽናቱ ሁኔታ ያለ ልዩ ጥረት መሟላቱ ነው። አነስተኛ ከተማ የሚያስፈልጋትን ለማግኘት የምትተወው ነገር የለም፤ የሚጠበቅባት ዓላማውን ለይታ ማወቅ ብቻ ነው።

ከወረዳኔት እስከ ዛሬ

ጥያቄው ዛሬ ይበልጥ የሚያስቸኩለው ለምን እንደሆነ ለመረዳት ወደ ኋላ መመልከት ይጠቅማል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ መንግሥት ወረዳኔት የተባለውን መረብ ሲዘረጋ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ የወረዳ አስተዳደሮች በአብዛኛው በሳተላይት አማካይነት ከክልልና ከፌዴራል ተቋማት ጋር ተገናኙ። የመረቡ ጎልቶ የታየ አገልግሎት የቪዲዮ ስብሰባ ነበር። ስብሰባ ቢቋረጥ ይዘገያል፤ በሌላ ቀን ይካሄዳል። የዕለት ሥራው በአብዛኛው በወረቀትና በማኅተም ላይ ስለነበር የኔትወርክ መቋረጥ ለገበሬው የሚታይ ጉዳት አልነበረውም።

ዛሬ ሁኔታው ተለውጧል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 በ2015 ዓ.ም. ወጣ፤ ፋይዳም ለባንክና ለሌሎች አገልግሎቶች በር ከፋች እየሆነ መጣ። የጤና ሪፖርት፣ የበጀትና የሂሳብ ሥራ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት ተዛውሯል። በርካታ ተቋማትን በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያሰባስበው የመሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሲስፋፋ ደግሞ፣ ቀድሞ በተለያዩ ቢሮዎች የተበታተነው አደጋ በአንድ ሕንፃ፣ ምናልባትም በአንድ ስዊችና በአንድ ገመድ ላይ ይከማቻል። ወረቀቱ በቀረ ቁጥር ገመዱ የሚሸከመው አደራ ከብዷል። የገመዱ አዘረጋግ ግን በየቦታው ከዚህ አደራ ጋር እኩል አላደገም።

ጥምረት ተተክሎም የማይሠራበት ሁኔታ

ሁለት ገመድ መኖሩ በራሱ ጽናት አይደለም። ሁለቱ ገመዶች በአንድ ቦይ ከተቀበሩ የአንድ ቆፋሪ ዶማ ሁለቱንም ይቆርጣል። ሁለቱ ስዊቾች በአንድ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ላይ ከተሰኩና ያልተቋረጠ ኃይል ሰጪ መሣሪያ ከሌላቸው፣ መብራት ሲጠፋ ጥምረቱ አብሮ ይጠፋል። በሕንፃዎች መካከል የመዳብ ገመድ ከተዘረጋ የክረምት መብረቅ በአንድ ምት የሁለቱንም ፖርቶች ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ በሕንፃዎች መካከል ፋይበር፣ በተቻለ መጠንም በተለያየ አቅጣጫ የሚሄድ መንገድ ሊመረጥ ይገባል። ግቢው ጠባብ ሆኖ ሁለተኛ ቦይ መቆፈር ባይቻል እንኳ፣ አንዱን ከመሬት በታች ሌላውን በግድግዳና በምሰሶ ላይ ማሳለፍ አደጋውን ይከፋፍለዋል።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ስውር የሆነው ግን ጥምረቱን ያለ ኤልኤሲፒ፣ በእጅ ትእዛዝ ብቻ የማሠራት ልማድ ነው። በዚህ አሠራር ስዊቹ ከወዲያኛው ጫፍ ጋር አይነጋገርም፤ የፖርቱ መብራት እስከበራ ድረስ ገመዱ ጤነኛ ነው ብሎ ያምናል። በአነስተኛ ተቋማት ደግሞ የፋይበር ማስገቢያ ያለው ስዊች ውድ በመሆኑ፣ ብርሃኑን ወደ መዳብ ገመድ የሚለውጥ ሚዲያ ኮንቨርተር የሚባል ትንሽ ሣጥን በመካከል ይገባል። ፋይበሩ ሲበጠስ ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ሣጥኖች በመዳቡ ወገን ያለውን ፖርት አያጠፉም። ስዊቹ መብራቱን አይቶ የትራፊኩን ግማሽ ወደ ሞተው ገመድ መላኩን ይቀጥላል።

ውጤቱ ባለሙያን ከሚያደናግሩ ብልሽቶች አንዱ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ከተቀመጡ ሁለት ኮምፒውተሮች አንዱ ይሠራል፣ ሌላው አይሠራም። የሚሠራው ኮምፒውተር ከአንዱ ሰርቨር ጋር ይገናኛል፤ ከሌላው ጋር አይገናኝም። ጥርጣሬው መጀመሪያ በኮምፒውተሩ፣ ከዚያ በቫይረስ፣ ከዚያ በቴሌኮም ድርጅቱ ላይ ያርፋል። ገመዱ የሚጠረጠረው በመጨረሻ ነው። ኤልኤሲፒ ቢኖር ኖሮ ስዊቹ ከወዲያኛው ጫፍ መልእክት ሲቋረጥበት ገመዱን ራሱ ከቡድኑ ያስወጣው ነበር። መልእክቱ በየሰከንዱ እንዲላክ ከተዋቀረ ይህ የሚሆነው በ3 ሰከንድ ውስጥ ነው፤ በየ30 ሰከንዱ ከሆነ በ90 ሰከንድ። ሦስት ሰከንድ ተገልጋዩ ሳያውቀው ያልፋል፤ ዘጠና ሰከንድም ቢሆን ከቀናት ፍለጋ ይሻላል።

ተከላው በምን ቅደም ተከተል ቢሆን ይመረጣል

ስልቱ አስቸጋሪ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ ግን ይከበር። ሁለተኛው ገመድ መሰካት ያለበት በሁለቱም ስዊቾች ላይ ያለው ቅንብር ከተጠናቀቀ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከተሰካና ስፓኒንግ ትሪ ጠፍቶ ከሆነ ከላይ የተገለጸው ማዕበል ይነሣል። በቡድኑ ውስጥ የሚገቡ ፖርቶች ፍጥነታቸው፣ ሁለት አቅጣጫ የማስተላለፍ ሁኔታቸውና የሚያሳልፏቸው ቪላኖች አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። ከሁለቱ ስዊቾች ቢያንስ አንዱ ውይይቱን የሚጀምር፣ በሙያው አክቲቭ የሚባለው ሊሆን ይገባል፤ ሁለቱም ፓሲቭ ከሆኑ ሁለቱም ጥሪ ሲጠባበቁ ጥምረቱ አይመሠረትም። ሁለቱንም አክቲቭ ማድረግ ጉዳት ስለሌለው ለአነስተኛ ተቋም የተሻለው ደንብ ይኸው ነው። ስፓኒንግ ትሪም ጥምረት አለ ተብሎ መጥፋት የለበትም፤ አንድ ሰው በስሕተት ሌላ ገመድ በሰካ ዕለት ኔትወርኩን የሚያድነው እርሱ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣውና ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ደረጃ ፈተናው ነው። ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሰርቨሩ ተከታታይ ፒንግ እየተላከ የመጀመሪያው ገመድ ይነቀላል፤ ምልልሱ መቀጠሉ ይታያል። ገመዱ ተመልሶ ይሰካል፤ ሁለተኛው ይነቀላል። ሚዲያ ኮንቨርተር ካለ መነቀል ያለበት የመዳቡ ሳይሆን የፋይበሩ ጫፍ ነው፤ እውነተኛው አደጋ የሚመጣው በዚያ በኩል ነውና። ሩብ ሰዓት የማይፈጅ ይህ ፈተና ያልተደረገበት ጥምረት ጽናት አለው ተብሎ ሊመዘገብ አይገባም።

የመጨረሻው ነገር መዝገብ ነው። የትኛው ፖርት ከየትኛው ጋር እንደተገናኘ፣ ገመዱ በየት በኩል እንደሚያልፍና ጥምረቱ መቼ እንደተፈተነ የሚገልጽ አንድ ገጽ በስዊቹ ሣጥን በር ላይ ቢለጠፍ፣ ተካዩ ባለሙያ በተዛወረ ማግስት ዕውቀቱ አብሮት አይሄድም። በእንጭኒ የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ በመሆኑ ገጹም በዚያ ቋንቋ ቢጻፍ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ በስልክ ለሚጠይቀው ባለሙያ አንብቦ ሊመልስለት ይችላል።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

በዚህ ሐሳብ ላይ ሊነሡ ከሚችሉ ተቃውሞዎች ክብደት ያለው የመጀመሪያው የዋጋ ጉዳይ ነው። ኤልኤሲፒን የሚያውቅ፣ ቅንብር የሚቀበል ስዊች ከተራው ስዊች ይበልጥ ውድ ነው፤ በውጭ ምንዛሪም የሚገባ ነው። ይህ እውነት ነው። ሆኖም ጥምረት የሚያስፈልገው በየክፍሉ አይደለም። ሰርቨሩና ራውተሩ ያሉበትን ዋና ስዊች ተገልጋይ ከሚበዛበት ሕንፃ ስዊች ጋር የሚያገናኘው አንድ መስመር ይበቃል። ለዚያ ሁለት ስዊቾች ብቻ መሻሻል አለባቸው። ሌሎቹ ባሉበት ሊቆዩ ይችላሉ።

ሁለተኛው ተቃውሞ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ስለ ገመድ ማውራት ቅንጦት ነው የሚል ነው። ይህ ተቃውሞ በከፊል ትክክል ነው፤ ሊካድም አይገባም። ጽሕፈት ቤቱ ያለው ገንዘብ ለአንድ ነገር ብቻ ከሆነ መጀመሪያ መግዛት ያለበት ለስዊቾቹና ለራውተሩ የሚሆን ያልተቋረጠ ኃይል ሰጪ ነው። ስዊች የሚወስደው ኃይል ትንሽ ስለሆነ አነስተኛ ባትሪ እንኳ ያቆየዋል። ሁለተኛው ገመድ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን መቀበል ግን ሁለተኛውን ደረጃ መተው ማለት አይደለም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ሁለቱ ገመዶች የሚያርፉት በአንድ ስዊች ላይ ስለሆነ ስዊቹ ራሱ ሲበላሽ ጥምረቱ ምን ይጠቅማል የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። አንዱን ጥምረት በሁለት የተለያዩ ስዊቾች ላይ ማሳረፍ የሚያስችሉ ስልቶች አሉ፤ ዋጋቸውና ውስብስብነታቸው ግን ለወረዳ ጽሕፈት ቤት አይመጥንም። ለዚህ የሚሻለው መልስ በቁም ሣጥን ውስጥ የሚቀመጥ፣ አስቀድሞ ተመሳሳይ ቅንብር የተጫነበት አንድ ምትክ ስዊች ነው።

የዩኒቨርሲቲዎች ድርሻ

ከላይ ከተዘረዘሩት መካከል ለኔትወርክ ምሩቅ አዲስ የሚሆን ነገር ጥቂት ነው። የኤልኤሲፒ ትእዛዞች በማስተማሪያ መጻሕፍት ውስጥ አሉ። ትምህርቱ በማስመሰያ ሶፍትዌር ላይ ብቻ ካቆመ ግን ተማሪው የሚማረው ጥምረቱን መመሥረት እንጂ ጥምረቱ ሲፈርስ ምን እንደሚሆን አይደለም። በማስመሰያው ውስጥ ቦይ የሚቆፍር ሰው የለም፤ መብረቅ አይወድቅም፤ ፋይበሩ ሲበጠስ መብራቱን የማያጠፋ ሚዲያ ኮንቨርተርም አይገኝም።

በ1939 ዓ.ም. በእርሻ ትምህርት ቤትነት የተመሠረተው የዛሬው አምቦ ዩኒቨርሲቲ በምዕራብ ሸዋ ከተሞች መካከል ይገኛል። የእርሻ ትምህርት ከጅምሩ በማሳ ላይ እንጂ በጥቁር ሰሌዳ ብቻ እንደማይሰጥ የታወቀ ነው። የኔትወርክ ትምህርትም የራሱ ማሳ ያስፈልገዋል። የድኅረ ምረቃና የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራ በእንጭኒ፣ በጉደር፣ በጌዶ ወይም በጊንጪ ባሉ የመንግሥት ጽሕፈት ቤቶች የውስጥ ኔትወርክ ላይ ቢመሠረት፣ ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ይገኛል። ጽሕፈት ቤቱ የተፈተነና የተመዘገበ መስመር ያገኛል። ተማሪው ከመጽሐፍ የማይገኝ ልምድ ይቀስማል። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ «ሲስተም የለም» የሚለው ቃል ስንት ጊዜ በመብራት፣ ስንት ጊዜ በቴሌኮም መስመር፣ ስንት ጊዜ በግቢ ውስጥ ገመድ ምክንያት እንደሚነገር የሚያሳይ መረጃ ይሰበስባል። መለኪያው ቀላል ነው፤ ብልሽት በተፈጠረ ቁጥር ቀኑን፣ የቆይታውን ጊዜና ምክንያቱን የሚመዘግብ አንድ ደብተር ይበቃል። የበጀት ውሳኔ በግምት ሳይሆን በማስረጃ እንዲመራ የሚያደርገው ይህ ደብተር ነው።

ማጠቃለያ

የመስመር ጥምረት አዲስ ግኝት አይደለም። ደረጃው ከወጣ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። በወረዳ ከተሞች የሚጎድለው ስልቱ ሳይሆን የዓላማው መለየት ነው። ጥምረቱን ለፍጥነት የሚተክል ተቋም የማያስፈልገውን ይገዛል፤ ለጽናት የሚተክለው ግን መስመሩን በሁለት መንገድ ያሳልፋል፣ ኤልኤሲፒን ያበራል፣ ጭነቱን ከግማሽ በታች ያቆያል፣ ገመዱን ነቅሎ ይፈትናል፣ የፈተነበትንም ቀን ይጽፋል።

በማለዳ ተነሥቶ በእግሩ እንጭኒ የደረሰ ገበሬ በግቢው ውስጥ ስንት ገመድ እንዳለ አያውቅም፤ ማወቅም አይጠበቅበትም። እርሱ የሚጠብቀው ጉዳዩ በመጣበት ቀን እንዲያልቅለት ነው። አንዱ ገመድ በተበጠሰበት ዕለት ጉዳዩ ሳይስተጓጎል አልቆ ወደ ገበያው ከሄደ፣ ብልሽቱ መፈጠሩን ያወቀው ስዊቹና ባለሙያው ብቻ ይሆናሉ። የጥምረቱ ውጤት ሊለካ የሚገባው በዚህ ነው።